ማኅተም ለወረቀት ብቻ ነው እንዴ?

እዚህ ሀገር ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይደለም። የልደት የምስክር ወረቀት ይዘህ ብትሄድ ማኅተሙ ደብዘዝ ካለ «ተመለስ» ትባላለህ። የኪራይ ውል፣ የሥራ ልምድ፣ የዕድር ደብዳቤ ሳይቀር ክብ ማኅተም ካልተመታበት ማንም አያምንህም። ፊርማው የሚኒስትር ቢሆን እንኳ «ማኅተሙስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። የአፄ ምኒልክን ደብዳቤዎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከጽሑፉ በፊት ዓይን የሚይዘው አንበሳው ያለበት ማኅተም ነው። ማኅተም እንወዳለን፣ እናከብራለን፣ እንፈራለን።

ታዲያ ይህን ያህል ማኅተም አፍቃሪ የሆነ ሕዝብ ፎቶግራፍ ላይ ሲደርስ ምን ነካው? ሰውየው ሌሊት ተነሥቶ፣ ብርድ ጠጥቶ፣ በብድር በገዛው ሌንስ ያነሣው ፎቶ በባነር ላይ ይሰቀላል፣ በካሌንደር ላይ ይታተማል፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ይንሸራሸራል። «ማኅተሙስ? የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም። እንዲያውም ማኅተም ያለበት እንደሆነ ይቆረጣል። በመቀስ አይደለም፣ በጣት ነው። ስልኩ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ባለቤቱ ይወገዳል።

የዛሬው ወሬዬ ጥፍር ስለምታህል ነገር ነው። ደመወዝ ሳይኖረው፣ አለቃ ሳይኖረው፣ በየፊናው ሮጦ የሚሠራው ፎቶ አንሺ፣ ፍሪላንስ የሚባለው ማለቴ ነው፣ በፎቶው ጥግ ስለሚያሳርፋት አርማ። ሎጎ የምትሏት። «ኑሮ እንዲህ እሳት በሆነበት ጊዜ ስለ ሎጎ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አዎ አወራለሁ። ነገሩ የጌጥ ሳይሆን የእንጀራ ነገር ስለሆነ ነው።

ደግሞም አያገባህም እንዳትሉኝ። እኔ በሙያዬ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም ጀምሬ ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ደርሻለሁ። የሰው ስም ጽፎ ማደር ሥራዬ ነውና ስም ሲቆረጥ ያመኛል።

ድሮ ፎቶ አንሺ በር ነበረው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሡ ከኖሩት አርመኖች፣ ከቦያጂያን ቤተሰብ አንሥቶ፣ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ የፏፏቴ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅሎ እስከሚሠራው ፎቶ ቤት ድረስ፣ ባለሙያው ደጃፉ ላይ ታፔላ ነበረው። ደንበኛው ፎቶው ካልጣመው የት ሄዶ እንደሚጨቃጨቅ ያውቃል። ፎቶው ሲገለበጥም ብዙ ጊዜ ከጀርባው ማኅተም አለ፤ የፎቶ ቤቱ ስም፣ ከተማው፣ አንዳንዴም የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ። ቤታችሁ አሮጌ አልበም ካለ አሁኑኑ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። አያቶቻችንን ማን እንዳነሣቸው የምናውቀው፣ ካወቅን፣ በዚያች ማኅተም ነው።

በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ክፍል ሲፈርስ የኔ ዓይን የሄደው ወደ ታፔላዎቹ ነበር። ቤት ሲፈርስ ካሬው ይለካል፣ ካሳ ይባላል፣ ምትክ ይባላል። ታፔላን ግን ማን ይለካል? በዚያ ደጃፍ ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ ስም ምን ያህል ካሬ ነው? ይህን የሚመልስልኝ ሹም ካለ አደባባይ ወጥቶ ይንገረኝ።

የዛሬው ፍሪላንስ ግን ድሮውንም በር የለውም። ቢሮው ጀርባው ላይ ያንጠለጠላት ቦርሳ ናት። ጠዋት ሠርግ፣ ከሰዓት ምረቃ፣ ማታ ኮንሰርት፣ ቅዳሜ ደግሞ የሆቴል ምግብ ያነሣል። በር የለውም፣ ታፔላ የለውም፣ ፎቶውም አሁን ወረቀት ስላልሆነ ማኅተም የሚመታበት ጀርባ የለውም። በሩም፣ ታፔላውም፣ የጀርባ ማኅተሙም ያች በጥጉ ያለች አርማ ናት። እሷን የቆረጠ ሰው ሱቁን ዘግቶበታል ማለት ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሕጉም ይለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ ለደራሲው፣ ለሠዓሊው፣ ለዜማ ደራሲው ሥራው የራሱ ወጥ ሥራ ሆኖ በሚታይ ወይም በሚሰማ ነገር ላይ ከሰፈረ ያለ ምንም ውጣ ውረድ ጥበቃ ይሰጠዋል። ፎቶ አንሺው ዘንድ ሲደርስ ግን ጠጋ ብሎ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። ፎቶው ወይ የአንድ ስብስብ አካል መሆን አለበት፣ ወይ በመጽሐፍ የታተመ መሆን አለበት፣ ወይ ደግሞ ያነሣውን ሰው ወይም የወኪሉን ምልክት፣ ወይም ስምና አድራሻ የያዘ መሆን አለበት። ልብ አድርጉ! ምልክት፣ አለዚያ ስምና አድራሻ! ስብስብ ለሌለው፣ መጽሐፍ ላላሳተመ የሠርግና የመንገድ ፎቶ አንሺ የቀረችው በር ይህች ብቻ ናት። ታዲያ ያች የጥፍር ያህል አርማ ማስዋቢያ ናት ወይስ የንብረት ካርታ?

አንድ ነገር ልጨምር። ደራሲ የጻፈው መጽሐፍ ገቢ ዕድሜውን ሙሉ የሱ ነው፤ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ነው። ፎቶ አንሺው የሚሰጠው 25 ዓመት ነው፤ ያውም ፎቶው ከተነሣበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር። በ25 ዓመት ዕድሜው ያነሣው ፎቶ በ50 ዓመቱ፣ ገና ልጅ ሊያስተምርበት ሲል፣ የማንም ይሆናል። ሕግ አውጪዎቹ ፎቶ ማለት ቁልፍ ተጭኖ መሄድ መስሏቸው ይሆን? ይህ ለሌላ ቀን የሚቆይ ክርክር ነው። ለዛሬ ግን ይህችን አጭር ጊዜ እንኳ ለማግኘት ምልክት ያስፈልጋል፤ ቁም ነገሩ እሱ ነው።

እሺ ምልክት ያስፈልጋል አልን። ምን ዓይነት ምልክት? እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ፎቶ አንሺ ወደ ሥራ ቤቴ መጣች። ስሟን አልጠራም። የጥምቀት በዓል ላይ ያነሣችውን ፎቶ አንድ ድርጅት በግድግዳ ካሌንደሩ ላይ አትሞት አየች። ጥጉ ላይ የነበረው አርማዋ የለም። ሄዳ ብትጠይቅ «የኢንተርኔት ፎቶ ነው» አሏት።

«ጋሼ፣ የማይቆረጥ ሎጎ ይሥሩልኝ» አለችኝ።

«እስቲ መጀመሪያ የነበረሽን አሳዪኝ» አልኳት።

ስልኳን አወጣች። አንድ ካሜራ አለ። በካሜራው ውስጥ የሌንስ ክፍት አለ፤ ያ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል ተደራርቦ የሚዞረው። ቀለሙ ወርቅማ ነው፣ ከላይ ደመቅ ከታች ፈዘዝ ያለ። ከሥሩ ስሟ በፈረንጅ ፊደል እንደ ሸረሪት ድር በቀጠነ ጽሑፍ ተጽፏል።

«ማን ሠራልሽ?»

«ራሴ ነኝ ጋሼ። ከኢንተርኔት አውርጄ ስሜን ከሥሩ ጻፍኩበት።»

ወይ ጉድ! እሷም «የኢንተርኔት»፣ እነሱም «የኢንተርኔት»! ለመሆኑ ይህ ኢንተርኔት የሚባል ሰው ማነው? የት ሰፈር ነው የሚኖረው? ግብር ይከፍላል? እኔ እስከማውቀው ድረስ ኢንተርኔት ካሜራ ይዞ ጃንሜዳ አልወረደም፤ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦም አርማ አልሠራም። ያንን ካሜራም የሆነ ቦታ ያለ እንደኔ ያለ ምስኪን ሠርቶታል። በእርግጥ ሠሪው ራሱ «ወስዳችሁ ተጠቀሙበት» ብሎ በነጻ የሚለቅቀው ሥዕል አለ። እሱም ቢሆን ለማንም የተለቀቀ ስለሆነ የማንም ምልክት ሊሆን አይችልም። ሳይፈቀድ የተወሰደ እንደሆነ ግን ስርቆትን በተሰረቀ ማኅተም ለመከላከል መሞከር ነው። ዳኛ ፊት ብትቆሚ መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ አልኳት። ሳቀች፤ ግን ገባት።

ይህን የማነሣው ልጅቷን ለማሳጣት አይደለም። ከተማውን ዞራችሁ የፎቶ አንሺዎቹን ቢዝነስ ካርድና የፌስቡክ ገጽ እዩት። ካሜራ፣ ካሜራ፣ ካሜራ። የሌንስ ክፍት፣ የሌንስ ክፍት። ሥጋ ቤቱ ሁሉ በሬ፣ ጥርስ ሐኪሙ ሁሉ ጥርስ እንደሚስለው ማለት ነው። በሬው ሥጋ እንደሚሸጥ ይነግርሃል እንጂ የማን ሥጋ ቤት እንደሆነ አይነግርህም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501ም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ምልክት አንዱን ከሌላው የሚለይ መሆን አለበት። የሥራውን ዓይነት ብቻ የሚናገር ምልክት የአንድ ሰው ሊሆን አይችልም። ካሜራ የፎቶ አንሺዎች ሁሉ ነው። የሁሉ የሆነ ደግሞ የማንም አይደለም።

ስለዚህ የኔ ምክር አንድ ነው፤ ስምህን ጻፍ። ስምሽን ጻፊ። በገዛ ፊደላችን፣ በሚነበብ አጻጻፍ።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ናዳር የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። እውነተኛ ስሙ ጋስፓር ፌሊክስ ቱርናሾን ሲሆን ናዳር ጓደኞቹ ያወጡለት የቅጽል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 ወደ ካፑሲን ጎዳና ሲዛወር ያንን ስም እንደሚፈርመው አድርጎ በግዙፍ ቀይ ፊደል ሕንፃው ግንባር ላይ ጻፈው። ካሜራ አልሳለም፣ ስሙን ነው የጻፈው። ከዚያ በፊት ደግሞ የገዛ ወንድሙ አድሪያን «ትንሹ ናዳር» እያለ በስሙ ሲሠራበት ፍርድ ቤት ገትሮት እ.ኤ.አ. በ1857 ረታው። ወንድም በወንድሙ ላይ! ስም እንጀራ መሆኑን የገባው ሰው እንዲህ ነው። ዛሬ የዚያ ዘመን የፓሪስ ደራሲያንና ሙዚቀኞች መልክ ሲነሣ ናዳር ሳይነሣ አይቀርም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ «አላልናችሁም?» ይሉ ነበር።

«የራሴን ስም ላድርግ ወይስ የድርጅት ስም?» አለችኝ ልጅቷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሁለት ሰዎች ታሪክ ነገርኳት።

አንደኛው እኛን የሚያውቀን ሰው ነው። መሐመድ አሚን፣ ኬንያዊው። የ1977ቱን ረሃብ ከኮረም ቀርጾ ዓለምን ያስጮኸው እሱ ነው። ሰውየው ገና በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ዳሬሰላም ላይ ካሜራፒክስ የሚል ስም አውጥቶ ድርጅት አቋቋመ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሕይወቱ አለፈ። ሰውየው ሞተ፤ ካሜራፒክስ የሚለው ስም ግን አብሮት አልሞተም። ለልጅ የሚወረስ ቤት ልሥራ ላለ፣ ረዳትና ሠራተኛ ለሚቀጥር፣ የድርጅት ስም ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ መራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ፓሪስ ውስጥ ሁለት ስደተኛ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ አንዱ ከቡዳፔስት የመጣ ኤንድሬ ፍሪድማን የሚባል ወጣት፣ ሁለተኛዋ ከጀርመን የሸሸች ጌርታ ፖሆሪሌ። የሚገዛቸው ጠፋ። ምን አደረጉ? ሮበርት ካፓ የሚባል ሀብታምና ዝነኛ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ፈጠሩ! ሰውየው የለም፣ ስሙ ግን አለ። ፎቶው በዚያ ስም ሲሸጥ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። ወጣቱም ካፓ ሆኖ ቀረ። እሷም ስሟን ለውጣ ጌርዳ ታሮ ተባለች። የስፔንን ጦርነት አብረው ሲያነሡ ግን የእሷም ሥራ መጀመሪያ ላይ «ካፓ» እየተባለ ወጣ። ቆይቶ «ካፓና ታሮ» የሚል ማኅተም፣ ከዚያም የራሷ «ፎቶ ታሮ» የሚል ማኅተም መጣ። ምን ያደርጋል፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1937 ገና በ26 ዓመቷ ጦር ሜዳ ላይ ሞተች። ከሞተች በኋላ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሥራዋ የሱ ተደርጎ ተቆጠረ። የትኛው የማን እንደሆነ ተመራማሪዎች ሲለዩ የኖሩት ፊልም እየቆጠሩ፣ ከፎቶው ጀርባ ያለ ማኅተም እያነበቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜክሲኮ ውስጥ የጠፉ ፊልሞቻቸው በሣጥን ሲገኙ ጥቂት ተጨማሪ ሥራዋ ተመለሰላት።

ልጅቷ ዝም አለች። ምክንያቱም እሷም የሠርግ ወቅት ሲመጣ ለትልልቅ ፎቶ ቤቶች በቀን ሒሳብ ትሠራለች። ያነሣችው ሁሉ የሚወጣው በነሱ አርማ ነው። «የኔ ታሮነት ይሄ ነዋ ጋሼ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሌላ ሰው አርማ አንተን ሊያስጠራህም ሊውጥህም ይችላል። በቀን ሒሳብ ሥሩ፣ እንጀራ ነው፤ ግን ውል ላይ አንድ መስመር አስገቡ፤ «ፎቶው ሲወጣ ያነሣው ሰው ስም ይጠቀሳል» የምትል። አዋጁም ቢሆን የሥራ አመንጪ ነኝ ብሎ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅን መብት የሞራል መብት ብሎ ሰጥቷል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ስም እንጽፍ ብለናል፤ ግን እንዴት? ከታፔላ ቤት የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ዲዛይነር የሆናችሁ ብትስቁብኝም ግድ የለኝም።

መጀመሪያ የጥፍር ፈተና። አርማውን በአውራ ጣት ጥፍር ልክ አሳንሳችሁ በጥቁርና ነጭ አትሙት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። ካልተነበበ አርማ ሳይሆን ቆሻሻ ነው። እዚህ ላይ የኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። የፈረንጁ ፊደል ቢደበዝዝ በግምት ይነበባል። የኛ ግን ድምፁን የሚለውጠው በአንዲት ትንሽ እግርና በአንዲት ትንሽ ቀለበት ነው። «ሴ» ላይ ያለችው ቀለበት በቀለም ከተደፈነች «ሲ» ትሆናለች፤ «ሉ» ላይ ያለችው ጭረት ከጠፋች «ለ» ትቀራለች። ስምህ ተለወጠ ማለት ነው! ስለዚህ ቀጭን ፊደል አትምረጡ። ቀለበቷን ሰፋ፣ እግሯን ወፈር አድርጉ። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ፊደል እንዳለ ከመለጠፍ ደግሞ አንዷን ፊደል በእጅ አስተካክሉ፤ ያች የተስተካከለች ፊደል ናት የናንተ የምትሆነው። የኔ ደንበኛ ስሟ ውስጥ ያለችውን ቀለበት ሰፋ አድርጌ ሳልኩላት። ልብ ብሎ ላየው ሌንስ ይመስላል። ካሜራ ሳይሳል ካሜራ ገባ።

ሁለተኛው የቬሎና የሱፍ ፈተና። የሠርግ ፎቶ አንሺ አርማው አንድ ቀን ነጭ ቬሎ ላይ፣ ሌላ ቀን ጥቁር ሱፍ ላይ ያርፋል። ወርቅማ ቀለም፣ ደመቅ ፈዘዝ የሚል ቀለም ሁለቱም ላይ ይሞታል። አንድ ቀለም ይብቃችሁ፤ አንዱን በነጭ፣ አንዱን በጥቁር አዘጋጅታችሁ ያዙ።

ሦስተኛው የመለጠጥ ነገር። አርማችሁን የሠራላችሁ ሰው በቬክተር የተሠራውን ዋናውን ፋይል ይስጣችሁ። እሱ ሲሰፋ የማይፈርስ ነው፤ ከእስክሪብቶ እስከ ፎቅ ባነር ድረስ ይሄዳል። በቴሌግራም የመጣች ትንሽ ሥዕል ብቻ ተቀብሎ የሄደ ሰው ባነር ሊያሳትም ሲመጣ ስሙ እንደ ሸክላ ጡብ ተቆራርጦ ይታያል። ደግሞ የሠሪውን ዋጋ ክፈሉ፣ መብቱን ማስተላለፉንም በጽሑፍ ይፈርምላችሁ። ሕጉ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ ይሁን ይላል። የራሱን ሥራ ተሰረቅሁ የሚል ሰው የሌላውን የእጅ ዋጋ መብላት የለበትም።

አራተኛው የት ይረፍ የሚለው ነው። ሙሽራዋ ግንባር ላይ እንደ ቄራ ማኅተም የሚመቱ አሉ፤ ይህ ፎቶውን መግደል ነው። ጥግ ላይ ብቻ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ጥግ ደግሞ ለመቁረጥ ይመቻል። መካከለኛው መንገድ ከጥጉ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ቢቆረጥ ፎቶው ራሱ የሚጎድልበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የነጠላው ጫፍ ወይም የሕንፃው ጥላ አጠገብ፣ በትንሹ ማሳረፍ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ካሜራዎች የባለቤቱን ስም የምትጽፉበት ቦታ በውስጣቸው አላቸው። አንዴ ከተጻፈ እያንዳንዱ ፎቶ ስማችሁን በሆዱ ይዞ ይወጣል። ማኅበራዊ ሚዲያው ብዙውን ጊዜ ይህን ያራግፈዋል፤ እናንተ ዘንድ በቀረው ዋና ፋይል ላይ ግን ይኖራል። ክርክር ሲመጣ ያ ምስክር ነው። ማንም እጅ ቢኖርበት የማይገባውን ትልቁን ዋና ፋይል ለማንም አትስጡ።

አምስተኛው ብዙ ሰው የሚምታታበት ነው። ንግድ ፈቃድ ሲወጣ የተመዘገበ የንግድ ስም ሌላ ነው፤ የንግድ ምልክት ሌላ ነው። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ ቢሮ ነው፤ አርማው እንደ ንግድ ምልክት የሚመዘገበው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። «ስሜ ንግድ ፈቃዴ ላይ አለ» ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው አርማውን ሌላ ቀድሞት ቢያስመዘግብ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይቆያል፤ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ለጀማሪ ወጪው ሊከብድ ይችላል፤ ቢያንስ ግን መኖሩን እወቁ።

ይህ ሁሉ የፎቶ አንሺው ድርሻ ነው። የቆራጩስ?

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። መሥሪያ ቤቱ የራሱን አርማ ሲለውጥ እዩት። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ካባ ይለበሳል፣ «የተቋማችን አዲስ ገጽታ» ተብሎ ንግግር ይደረጋል። ያን አርማ አንድ ዜጋ ያለ ፈቃድ ቲሸርት ላይ ቢያትመው ምን እንደሚደርስበት እናንተም እኔም እናውቃለን። ያው ተቋም ግን በዚያው ሳምንት የአንድ ምስኪን ፎቶ አንሺ ስም ከፎቶው ላይ ቆርጦ በራሱ አርማ ተክቶ ያወጣዋል። የተቋም ማኅተም ቅዱስ፣ የዜጋ ማኅተም ቆሻሻ! ይህ የፎቶ ጉዳይ ብቻ ይመስላችኋል? ዜጋን እንዴት እንደምናይ የሚያሳይ ትልቅ መስታወት ነው። ስም የሌለው፣ በር የሌለው፣ ሲፈለግ የሚነሣ፣ ሲያስጠላ የሚቆረጥ።

የፕሬሱም ሰፈር ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ» የሚል ጽሑፍ ስንት ጋዜጣና ድረ ገጽ ላይ አንብባችኋል? ማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ ቤት ሳይሆን አደባባይ ነው። አደባባይ ላይ የተገኘ በግ ባለቤት የለውም ብሎ ያረደ ሰው ምን እንደሚባል ገጠር ሄዳችሁ ጠይቁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ ሚኒስቴሩም፣ ጋዜጣውም የሰው ፎቶ ሲያወጣ ሦስት ነገር ያድርግ፤ ያስፈቅድ፣ ይክፈል፣ ስሙን ይጻፍ። ለፎቶ ሥራ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት «የአንሺው ስም ይጠቀሳል» የምትል አንዲት መስመር በሰነዱ ውስጥ ያስገባ። በጀት አያስፈልጋትም፤ የውጭ ምንዛሪ አትጠይቅም፤ ብድርና እርዳታ አትፈልግም። የምትጠይቀው ጥፍር የምታህል ቦታና ትንሽ ይሉኝታ ነው።

እናንተም ፎቶ አንሺዎች፣ እባካችሁ ካሜራ መሳሉን ተዉት። ካሜራ እንዳላችሁማ እናውቃለን፤ አንገታችሁ ላይ ተንጠልጥሏል። እኛ የማናውቀው ስማችሁን ነው። በሚነበብ ፊደል፣ በማይደፈን ቀለበት፣ በራሳችሁ አርማ ጻፉት፤ ሲቆረጥም ዝም አትበሉ፤ በአካል ሂዱ፣ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ካስፈለገም ክሰሱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩ ያች አርማ ናት፤ መነቅነቅ የሚቆመው ግን ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ነው።